በሽንት ልኬት የጨው፣ የፖታሲየምና የአዮዲን አወሳሰድን መገመት፦ ጎንደር ላይ ለሚሠሩ ዝርዝር መመሪያ

ጎንደር ውስጥ ምሳ ሲቀርብ ትሪው አንድ ነው። ሽሮው መሃል ይፈስሳል፣ ጎመኑ ከዳር ይደረጋል፣ አራት አምስት ሰው ከበብ ብሎ ይጎርሳል፤ እንግዳ ካለ ጉርሻ ይጨመራል። ማን ምን ያህል ወጥ እንደበላ የሚቆጥር የለም። ጨው ደግሞ ወጡ ላይ ብቻ አይደለም ያለው። በርበሬው ሲዘጋጅ ገብቷል፣ ሽሮው ውስጥ አለ፣ አዋዜው ውስጥ አለ፣ ገጠር ከወጣን ቡናውም ውስጥ አለ። «ትናንት ስንት ግራም ጨው በሉ?» ብሎ መጠየቅ ቀልድ ይሆናል። በእጇ መጥና የምትጨምር ባለሙያ እንኳ በግራም ልትነግራችሁ አትችልም።

የአመጋገብ መጠይቅ እንዲህ ባለ ማዕድ ላይ ስለሚደክም ነው ሽንት የሚለካው። የተበላው ጨው አብዛኛው በኩላሊት በኩል ይወጣል፤ የወጣውን ለክቶ ወደ ተበላው መመለስ ይቻላል። ይህ መመሪያ ለጤና ተማሪዎች፣ ለነርሶች፣ ለላቦራቶሪና ለሥነ ምግብ ባለሙያዎች የተጻፈ ነው። ቀመሮቹን እንደ ትልቅ ነገር የሚያይ ሰው አለ፤ እኔ እምብዛም አያስጨንቁኝም። ስህተት በብዛት የሚገባው ሽንቱ በሚጠራቀምበት ጀሪካን ስለሆነ አብዛኛው ጽሑፍ እዚያ ላይ ይቆያል።

ሽንት የሚናገረውና የማይናገረው

ከጨው የምናገኘው ሶዲየም የሽንት ልኬት ዋናው ባለጉዳይ ነው። ከተበላው 90 በመቶ ያህሉ በሽንት ይወጣል፤ የቀረው በላብና በሰገራ ይሄዳል። ይህ የሚሠራው ሰውየው ብዙ በማያልብበት ሁኔታ ነው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ችግሩ ያን ያህል አይጎላም። መተማ ወርዳችሁ ሰሊጥ አጫጆች ላይ ብትሠሩ ግን በላብ የሚሄደው ጨው ብዙ ስለሆነ በሽንት የተገኘው ቁጥር ከእውነቱ ያንሳል፤ የደጋውንና የቆላውን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ «ቆለኛው ጨው አይወድም» ማለት አይቻልም።

ፖታሲየም በሽንት የሚወጣው ከተበላው 77 በመቶ ገደማ ነው፤ አንዳንዶች 80 ይጠቀማሉ። ቀሪው በሰገራ ስለሚወጣ ተቅማጥ የያዘው ሰው ውጤት ይዛባል። አዮዲን ከ90 በመቶ በላይ በሽንት ስለሚወጣ ጥሩ መለኪያ ነው። ሴሌኒየምም ከግማሽ በላይ በሽንት ይወጣል፤ በአማራ ክልል አፈርና እህል ውስጥ ያለው መጠን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ጉዳዩ እዚህ ትርጉም አለው፤ ግን የሚለካበት መሣሪያ ውድና ልዩ ስለሆነ እዚህ አልሄድበትም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ይበላሻል። ማግኒዚየም ሲያንስ ኩላሊት አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ የሽንቱ ቁጥር የምግቡን አያሳይም። ካልሲየም የባሰ ነው፤ ጨው ሲበዛ በሽንት የሚወጣው ካልሲየም አብሮ ስለሚጨምር፣ ብዙ ወተት የጠጣ ነው ወይስ ብዙ ጨው የበላ ነው የሚለውን መለየት አትችሉም።

ስለ ብረት ደግሞ ጎንደር ውስጥ ይህን ሥራ የጀመረ ሁሉ መጠየቁ አይቀርም፦ «ጤፋችን ብረቱ ብዙ ነው ይባላል፤ በሽንት ይታይ ይሆን?» አይታይም። ሰውነት ብረትን በሽንት አያስወጣም ቢባል ይቀላል፤ የሚወጣው እጅግ ጥቂት ነው። የብረት ጥያቄ ያለው ሰው ደም ቀድቶ ፌሪቲን (የተከማቸውን ብረት የሚያሳይ ፕሮቲን) ያስለካ። ዚንክም በሽንት የምግቡን መጠን በአስተማማኝ አይናገርም።

ጥያቄያችሁን ሳትለዩ ዕቃ አትግዙ

ሁለት ጥያቄዎች በጣም ይምታታሉ። አንዱ «የአዘዞ ነዋሪዎች በአማካይ በቀን ስንት ግራም ጨው ይበላሉ?» የሚለው የሕዝብ ጥያቄ ነው። ሌላው «እኚህ የደም ግፊት ታካሚ ጨው ቀንሰዋል ወይ?» የሚለው የአንድ ሰው ጥያቄ ነው። ለመጀመሪያው ከእያንዳንዱ ሰው አንድ የ24 ሰዓት ሽንት ይበቃል፤ የአንዱ ቀን መብዛትና የሌላው ቀን ማነስ በአማካዩ ውስጥ ይካካሳሉ። ለሁለተኛው አንድ ቀን አይበቃም። የአንድ ሰው ጨው ከቀን ቀን በጣም ስለሚለዋወጥ በተለያዩ ሳምንታት ተደጋግሞ መሰብሰብ አለበት። አንድ ውጤት ይዞ «እርስዎ ጨው በላተኛ ነዎት» ብሎ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

የአዮዲን ጥያቄ ሌላ መንገድ አለው። ለሕዝብ ከሆነ የ24 ሰዓት ሽንት አያስፈልግም፤ ከትምህርት ቤት ልጆች ወይም ከነፍሰ ጡሮች በትንሽ ዕቃ የሚወሰድ ናሙና ይበቃል።

የሰው ቁጥርን በተመለከተ፣ የሶዲየም መበታተን (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) 75 ሚሊሞል (የላቦራቶሪ አሃድ) ነው ብላችሁ ብትነሱ 150 የተሟላ ናሙና አማካዩን በ12 ሚሊሞል ወዲህና ወዲያ ይሰጣችኋል፤ ይህ 0.7 ግራም ጨው ገደማ ነው። ከአምስቱ አንዱ ጀሪካን እንደሚጣል አስቡና 190 ያህል ሰው መዝግቡ። ወንድና ሴትን ለየብቻ መናገር ከፈለጋችሁ ቁጥሩ ለእያንዳንዱ ነው።

የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ መጀመሪያ ይምጣ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁ መንገዱን መምህሮቻችሁ ያሳዩአችኋል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1954 እ.ኤ.አ. የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ከደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ማግስት ስለነበር ቤት ለቤት መዞር ለዚህ ከተማ የጤና ሠራተኛ አዲስ ነገር አይደለም።

የማይገቡ ሰዎች አሉ፦ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የጉበት ድካም ያለባቸው፣ የሽንት ማሸኛ መድኃኒት ከጀመሩ ሁለት ሳምንት ያልሞላቸው፣ ተቅማጥ የያዛቸው። ነፍሰ ጡሮች ለብቻ ይታዩ። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቀኑ ይተላለፍላት፤ ይህን ጉዳይ ሴት መረጃ ሰብሳቢ ብትጠይቅ ይሻላል።

ዕቃ

ለአንድ ሰው የሚያስፈልገው 3 ወይም 5 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን፣ ሴቶች የሚቀበሉበት አፈ ሰፊ ጆግ፣ ወደ ጀሪካኑ የሚገለብጡበት ማንቆርቆሪያ (ፈነል)፣ ከቤት ሲወጡ የሚይዙት ባዶ ሃይላንድ፣ ጥቁር ፌስታል ወይም ዘንቢል፣ የሰዓት መጻፊያ ወረቀትና ከጀሪካኑ ጋር የታሰረ እስክሪብቶ ነው። ጥቁር ፌስታል ያልኩት በምክንያት ነው። ሰው በሠፈሩ ሽንት ውስጡን በሚያሳይ ዕቃ ይዞ መታየት አይፈልግም፤ ፌስታሉ ከሌለ ሃይላንዱ ቤት ይቀራል፣ የቀኑ ሽንት ግማሽም ይጠፋል።

ዕቃው በምን እንደታጠበ ማወቅ ግድ ነው። የዘይት ጀሪካን ከሆነ በሳሙና ይታጠብና ደጋግሞ ይለቅለቅ፤ በመጨረሻ በዲስቲልድ ውሃ። በረኪና አትጠቀሙ። በረኪና ራሱ የሶዲየም ውህድ ነው፤ ታጥቦ ካልወጣ የሰውየውን ጨው ሳይሆን የበረኪናውን ትለካላችሁ። ለአዮዲን ደግሞ ጠላቱ ሌላ ነው፦ ቁስል የሚጠረግበት ቤታዲንና የቤት ጨው መመርመሪያ ኪት። ሁለቱም ከናሙናው ጋር በአንድ ቦርሳ፣ እንዲያውም በአንድ ክፍል ባይሆኑ ይመረጣል። ከአዮዲን ናሙና አጠገብ በቤታዲን የታጠበ እጅ ቢገኝ ውጤቱ በከንቱ ሰማይ ይነካል።

ለሶዲየምና ለፖታሲየም ማቆያ ኬሚካል አያስፈልግም። ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ አይበሰብሱም። ክሪያቲኒን (ከጡንቻ የሚመነጭ፣ ሽንቱ ሙሉ መሰብሰቡን ለማጣራት የሚለካ ውህድ) ግን በባክቴሪያ ሊፈርስ ስለሚችል ጀሪካኑ ጥላ ያለበትና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

ቀኑን መምረጥ

እዚህ ላይ ከውጭ አገር የተቀዳ ፕሮቶኮል አይረዳችሁም። በጎንደር የአንድ ሰው ምግብ በዓመቱ ውስጥ ጾምና ፍስክ እያለ ይለዋወጣል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ 15 ቀን፤ ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ ናቸው። በጾም ሽሮና ምስር ይበዛል፤ በፍስክ ሥጋና ዶሮ ይገባል፣ ሚጥሚጣና አዋዜ ይከተላል። ረመዳን ላይ ደግሞ የሚበላበት ሰዓት ራሱ ይገለበጣል። ናሙናውን ሁሉ በሁዳዴ ሰብስቦ «የጎንደር ሕዝብ ዓመታዊ አማካይ» ብሎ መጻፍ አያስኬድም።

እኔ የምመክረው የጾም ወቅትንና የፍስክ ወቅትን በመጠን ከፋፍሎ መሰብሰብ ነው፤ ካልተቻለ ከበዓል የራቀ ተራ የፍስክ ሳምንት መርጦ ያንን በግልጽ መናገር። ጥምቀትን አትንኩት። ጥር 10፣ 11 እና 12 ከተማው እንግዳ ይሞላል፣ ድግስ ይበዛል፣ ሰውም ቀኑን ሙሉ ውጭ ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላም ጥቂት ቀናት ጠብቁ፤ ኩላሊት የጨው ለውጥን ለመከተል ቀናት ይፈጅበታልና የዛሬ ሽንት ውስጥ የትናንትና የትናንት ወዲያ ምግብ ድርሻ አለው። በዚሁ ምክንያት የዓርብ ሽንት የዓርብ ጾም ብቻ መለኪያ አይደለም፤ የሐሙስ እራትም አለበት።

እሑድንና ሥራ ቀንን አቀላቅሉ። ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው ለረጅም ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ይቆያል፣ ሃይላንድ ይዞም አይገባም፤ እንዲህ ላለው ሰው ሌላ ቀን ስጡት።

የ24 ሰዓቱ ሽንት

ሥራው ሁሉ እዚህ ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ የመጀመሪያው ጠዋት ሽንት ይደፋል፣ ሰዓቱ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይጠራቀማል፤ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት የሚሸናው የመጨረሻው ሆኖ ይገባል። ሰው የሚሳሳተው ሁለቱ ጫፎች ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሳይደፋ ጀሪካኑ ውስጥ ያደረገ ሰው የሌሊቱን ሽንት ሁለት ጊዜ አስገባ ማለት ነው፤ ውጤቱ ይጋነናል። የማግሥቱን የደፋ ደግሞ ያሳንሰዋል።

በወረቀት ከማደል በቃል መናገር ይሻላል። ከቤተሰቡ እናት ጋር ንግግሩ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፦

«እትዬ፣ ነገ ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚሸኑትን ይድፉት። እሱ የሌሊቱ ነው፣ አንፈልገውም። ሲደፉ ሰዓትዎን አይተው ይጻፉልኝ።»

«መጻፉን ልጄ ይጽፍልኛል። ከዚያስ?»

«ከዚያ በኋላ ቀኑንም ሌሊቱንም አንድም ሳይቀር ጀሪካኑ ውስጥ። ሽንት ቤት ለሌላ ጉዳይ ሲሄዱ ሽንቱን አስቀድመው በጆጉ ይቀበሉት።»

«ገበያ ብወጣሳ?»

«ሃይላንዱ ለዚያ ነው። ከቤት ሳይወጡ ይሽኑ፣ ሲመለሱ ይሽኑ። መሃል ከመጣብዎ ሃይላንዱ አለ። ቢያመልጥዎት ግን አይደብቁኝ፤ ቀን እንቀይራለን፣ ምንም አይደለም።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ሽንት ቤት ሲሄድ ጆጉን የረሳ ሰው አፍሮ ዝም ይላል፤ ያ ዝምታ ነው ሒሳቡን የሚያዛባው። ሰብሳቢው በማግሥቱ ሲመጣ «ሁሉንም ሰበሰቡ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «ትናንት ስንት ጊዜ ሳይያዝ ቀረ፣ አንዴ ነው ሁለቴ?» ቢል እውነቱን የማግኘት ዕድሉ ከፍ ይላል። ከአንድ ጊዜ በላይ ከቀረ ናሙናው ይጣል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጥቂት ከቀረ ይመዝገብ።

በተጠራቀመበት ዕለት ቀለል ያለ ድርጊት ይመከራል፤ ሰውየው ግን አመጋገቡን አይቀይር። «ዛሬ ይለካብኛል» ብሎ ጨው የሚቀንስ አለ። አስቀድማችሁ «ይህ ፈተና አይደለም፣ እንደ ወትሮው ይብሉ» በሉ።

ሰዓት አጻጻፍ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ተሳታፊው «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ይላል፤ የላቦራቶሪው ቅጽ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ 7:00 ነው የሚገባው። አንዱ ጸሐፊ 1:00 ብሎ ቢያስገባ 24 ሰዓቱ 18 ወይም 30 ይሆናል፤ ደህና ናሙና በከንቱ ይጣላል። ቅጹ ላይ «በእኛ ሰዓት» የሚል አምድ ብቻ አድርጉና ለውጡን ኮምፒውተሩ ይሥራው።

ጀሪካኑ ሲመጣ

አገላብጣችሁ ደህና አድርጋችሁ አደባልቁ፤ ከታች የረጋ ነገር ይኖራል። ከዚያ መጠኑን ለኩ። ትልቅ ሲሊንደር ከሌላችሁ ሚዛን ይበቃል፦ የሞላውን ጀሪካን መዝኑ፣ የባዶውን ክብደት ቀንሱ፣ በ1.015 አካፍሉ፤ ሊትር ታገኛላችሁ። የባዶውን ክብደት ከመስጠታችሁ በፊት ጀሪካኑ ላይ በማርከር ካልጻፋችሁት ግን ሚዛኑ ምንም አይረዳችሁም።

ከ10 ሚሊ ሊትር የማያንስ በሁለት ቱቦ ቅዱ፤ አንዱ ይላካል፣ ሁለተኛው በፍሪዘር ይቆያል። ከጀሪካኑ የቀረው ይደፋ። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩ መከፈት የለበትም፤ ረጅም ከቆየ ናሙናውን ወደ አይስ ቦክስ አዛውሩ። ቀልጦ ዳግም የበረደ ናሙና ላይ ጨው ሊዘቅጥ ስለሚችል ከመለካቱ በፊት ሙሉ በሙሉ ቀልጦ በደንብ ይደባለቅ።

የሚጣለውን የምንለየው በሚከተሉት ነው፦ ሰዓቱ ከ20 በታች ወይም ከ28 በላይ ከሆነ፣ መጠኑ ከግማሽ ሊትር በታች ከሆነ፣ ወይም ከአንድ ጊዜ በላይ መቅረቱ ከተነገረ። ክሪያቲኒኑም ይታያል። በ24 ሰዓት ውስጥ የወጣው ክሪያቲኒን በክብደት ሲካፈል ለወንድ ከ14 እስከ 26፣ ለሴት ከ11 እስከ 20 ሚሊ ግራም በኪሎ አካባቢ ይጠበቃል። ከዚህ በጣም ከራቀ ወይ ጎድሏል ወይ ተጨምሯል። ነገር ግን ይህን ወሰን እንደ ገመድ አትጠብቁት፤ ጡንቻቸው የሟሸሸ አዛውንት ሙሉ ሰብስበውም ከታች ሊወድቁ ይችላሉ፣ የቁርጥ ድግስ ላይ የነበረ ደግሞ ከፍ ሊል ይችላል።

ከዚህ የጠበቀ መቆጣጠሪያ ፓባ የሚባለው ክኒን ነው፦ ሽንቱ በሚጠራቀምበት ቀን 80 ሚሊ ግራም ሦስት ጊዜ ይዋጣል፣ በሽንት ከ85 እስከ 110 በመቶው ከተገኘ ሽንቱ በሙሉ ተጠራቅሟል ይባላል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ለብዙዎቻችን ግን ክኒኑም መለኪያውም በእጅ አይገኝም።

ላቦራቶሪው

ሶዲየምና ፖታሲየም የሚለኩት በአይኦን ሴሌክቲቭ ኤሌክትሮድ ወይም በፍሌም ፎቶሜትር ነው። ማሽኑ ለደም ተስተካክሎ የተቀመጠ ከሆነ ሽንቱ ከወሰኑ ይወጣል፤ በሽንት ሞድ መሆኑን ወይም መበረዙን ባለሙያውን ጠይቁ። ውጤት በሚሊሞል በሊትር ይምጣላችሁ። ክሪያቲኒን በያፌ ዘዴ ሲለካ አሃዱ ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው ወይስ ማይክሮሞል በሊትር ብላችሁ አረጋግጡ፤ የመጀመሪያውን በ88.4 ስታባዙ ሁለተኛውን ታገኛላችሁ።

አዮዲን በሳንዴልና ኮልቶፍ ዘዴ ነው የሚለካው፤ ሽንቱ በአሞኒየም ፐርሰልፌት ከተፈጨ በኋላ አዮዲኑ የሴሪየምንና የአርሴኒክን አጸፋ ምን ያህል እንደሚያፋጥን ይታያል። አርሴኒክ መርዝ ስለሆነ በማንኛውም ክፍል የሚሠራ አይደለም። ናሙና ከመሰብሰባችሁ በፊት ከአዲስ አበባው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ጋር ተነጋገሩ።

ሒሳቡ

ለምሳሌ የምንፈጥራት ሴት 40 ዓመቷ፣ 58 ኪሎ፣ ቁመቷ 158 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በ23 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ውስጥ 1.41 ሊትር ሰብስባለች። ሶዲየሟ 130፣ ፖታሲየሟ 30 ሚሊሞል በሊትር፤ ክሪያቲኒኗ 65 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ወደ 24 አምጡ፦ 1.41 × 24 ÷ 23.5 = 1.44 ሊትር።

ክሪያቲኒን፦ 650 ሚሊ ግራም በሊትር × 1.44 = 936 ሚሊ ግራም፤ ÷ 58 = 16.1። ለሴት በተቀመጠው ወሰን ውስጥ ነው፤ ናሙናው ይቀጥላል።

ሶዲየም፦ 130 × 1.44 = 187.2 ሚሊሞል። አንድ ሚሊሞል 23 ሚሊ ግራም ስለሆነ 4,306 ሚሊ ግራም በሽንት ወጥቷል። የወጣው 90 በመቶው ከሆነ የተበላው 4,306 ÷ 0.9 = 4,784 ሚሊ ግራም ነው። ወደ ገበታ ጨው ለመቀየር በ2.54 አባዙ፦ 12.2 ግራም ገደማ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው።

ፖታሲየም፦ 30 × 1.44 = 43.2 ሚሊሞል፤ × 39.1 = 1,689 ሚሊ ግራም፤ ÷ 0.77 = 2,194 ሚሊ ግራም። የሚመከረው ቢያንስ 3,510 ነው። ድንች፣ ጎመንና ባቄላ እያለ ይህ ማነሱ ይገርማል የሚል ካለ፣ ከሁለቱ ማዕድናት ስሌቱ የበለጠ የሚያጠራጥረው የፖታሲየሙ መሆኑን ያስታውስ።

የአንድ ጊዜ ሽንት አጭር መንገድ ነው?

ጀሪካን የሰለቸው ሁሉ እዚህ ይመጣል። ከአንድ ጊዜ ሽንት ተነስተው 24 ሰዓቱን የሚገምቱ ቀመሮች አሉ፦ ካዋሳኪ፣ ታናካና ኢንተርሶልት የሚባሉት ይታወቃሉ። የታናካው የተሠራው ከጃፓናውያን መረጃ ነው። እንዲህ ይሄዳል፦ መጀመሪያ የሚጠበቀው ክሪያቲኒን በሚሊ ግራም ይገመታል፤ ይህም 14.89 × ክብደት + 16.14 × ቁመት − 2.04 × ዕድሜ − 2,244.45 ነው። ለምሳሌያችን ሴት 1,088 ገደማ ይወጣል። ቀጥሎ የሽንቱ ሶዲየም በክሪያቲኒኑና በ10 ተካፍሎ በዚህ ቁጥር ይባዛል፤ ውጤቱ ወደ 0.392 ኃይል ይነሳል፣ በ21.98 ይባዛል።

የሴትየዋ የአንድ ጊዜ ሽንት ሶዲየም 140 ሚሊሞል በሊትር፣ ክሪያቲኒን 100 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ቢሆን፦ 140 ÷ 1,000 × 1,088 = 152.3፤ ወደ 0.392 ሲነሳ 7.17፤ × 21.98 = 157.6 ሚሊሞል። በጀሪካኑ 187.2 ነበር። ይህ በዕድል የመጣ ልዩነት ብቻ አይደለም። ኃይሉ ትንሽ ስለሆነ ቀመሩ ሁሉንም ወደ መሃል ይስባል፤ ብዙ የሚበላውን ያሳንሳል፣ ጥቂት የሚበላውን ያበዛል። ደግሞ የሚጠበቀው ክሪያቲኒን የጃፓናውያን ጡንቻ ነው፤ እሷ ያወጣችው 936 ነበር፣ ቀመሩ 1,088 ጠበቀባት።

ስለዚህ ለአንድ ሰው አትጠቀሙበት። ለሕዝብ አማካይ ከተገደዳችሁ፣ ከተሳታፊዎቹ የተወሰኑት ላይ የ24 ሰዓቱንም ሰብስባችሁ ልዩነቱን አስተካክሉ። ከደም ግፊት ጋር ለማዛመድ ደግሞ ፈጽሞ አትንኩት፤ ዕድሜና ክብደት ቀመሩ ውስጥ ስላሉ፣ ያገኛችሁት ዝምድና የጨው ሳይሆን የዕድሜና የክብደት ሊሆን ይችላል።

አዮዲን

የጎንደር ዙሪያ ደጋ ሰው እንቅርትን ያውቃል፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጨዋችን በብዛት የሚመጣው ከአፋር ነው፤ ዱሮ አሞሌው በግመልና በበቅሎ ይመጣ ነበር፣ ዛሬ የአፍዴራው በመኪና ይመጣል። አዮዲን የሚጨመርበት ፖታሲየም አዮዴት በሚባል ውህድ ነው።

ለቡድን የሚታየው መካከለኛው ቁጥር (ሚዲያን፤ ውጤቶቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል የሚውለው) ነው፤ አማካይ አይደለም፤ ጥቂት በጣም ከፍ ያሉ ናሙናዎች አማካዩን ስለሚጎትቱት። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች መካከለኛው ከ100 እስከ 199 ማይክሮ ግራም በሊትር ከሆነ በቂ ነው፤ ከ50 እስከ 99 ቀላል እጥረት፣ ከ20 እስከ 49 መካከለኛ እጥረት፣ ከ20 በታች ከባድ እጥረት፤ 300ና ከዚያ በላይ ከመጠን ያለፈ ነው። ለነፍሰ ጡሮች በቂ የሚባለው ከ150 እስከ 249 ነው። በጣም የተለመደ ስህተት «ከልጆቹ 40 በመቶው ከ100 በታች ስለሆኑ 40 በመቶው እጥረት አለባቸው» የሚለው ነው። አይደለም። ያን ጠዋት ብዙ ውሃ የጠጣ ልጅ ሽንቱ ይቀጥናል። ወሰኑ ለቡድኑ መካከለኛ እንጂ ለአንድ ልጅ አልተሠራም።

የአዋቂን አወሳሰድ በማይክሮ ግራም መናገር ካስፈለገ፦ የሽንት አዮዲን × 0.0235 × ክብደት። የሴትየዋ 90 ማይክሮ ግራም በሊትር ቢሆን 90 × 0.0235 × 58 = 123 ገደማ ይሆናል። ይህ ቀመር 58 ኪሎ ያላት ሰው በቀን 1.25 ሊትር እንደምትሸና ገምቶ ነው። ጀሪካኗ ግን 1.44 ብሏል፤ በዚያ ስንሄድ፣ 92 በመቶው በሽንት ይወጣል ብለን፣ 90 × 1.44 ÷ 0.92 = 141 ይሆናል። ለአዋቂ የሚመከረው 150 ነው።

መካከለኛው ዝቅ ካለ ቤቱ ውስጥ ያለውን ጨው አብራችሁ ለኩ፤ ቤት ደርሶ ቢያንስ 15 ሚሊ ግራም በኪሎ መቅረት አለበት። ኪቱ ቀለም ሲቀይር አዮዲን መኖሩን ይነግራል እንጂ መጠኑን አትመኑት፤ ለመጠን ቲትሬሽን የሚባለው የላቦራቶሪ ልኬት ነው። ፓኬቱ «አዮዲን ያለው» እያለ ሽንቱ ዝቅ ካለ ደግሞ ማዕድ ቤት ግቡ። ድፍን ጨው አቧራው ይሂድ ተብሎ ይታጠባል፤ አዮዲኑ አብሮ ይሄዳል። ማስቀመጫው ክፍት ሆኖ ከምድጃው አጠገብ ይውላል። ወጡ ገና ሲጣድ ይጨመራል። ይህ ሁሉ አዮዲኑን ይቀንሰዋል።

ውጤቱን መጻፍና መመለስ

«ስንት በመቶው ከ5 ግራም በላይ ይበላል?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ከአንድ ቀን ናሙና በቀጥታ አትመልሱት፤ የቀን ቀን መለዋወጥ ሥርጭቱን ስለሚያሰፋ ጫፎቹ ከእውነቱ ይበልጣሉ። ከተሳታፊዎቹ ጥቂቶቹ በሌላ ሳምንት ሁለተኛ ጀሪካን ቢሞሉ የሰው በሰው ልዩነትና የቀን በቀን ልዩነት ይለያል፤ ሥርጭቱም በዚያ ይታረማል።

ለተሳታፊው ውጤቱን ንገሩት፤ ጀሪካን ተሸክሞ የዋለ ሰው ማወቅ ይገባዋል። «ያን ቀን በሽንትዎ የወጣው ይህን ያህል ነው» በሉት፤ «እርስዎ ይህን ያህል ይበላሉ» አትበሉት። የደም ግፊቱን ለክታችሁ ከፍ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። ጨው ይቀንሱ ሲባል «እኔ ወጥ ላይ አልጨምርም» የሚል ብዙ ነው፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ የገባውን አብራችሁ ጠይቁ። ቤተሰቡ ከአንድ ትሪ ስለሚበላ ምክሩን ወጡን ለምትሠራው ሰው ካልነገራችሁ ለታካሚው ብቻ መንገሩ ትርጉም የለውም።

በሪፖርቱ ላይ ስንት ሰው እንደተጠየቀ፣ ስንት ጀሪካን እንደተመለሰ፣ ስንት በምን ምክንያት እንደተጣለ፣ ስንቱ በጾም ስንቱ በፍስክ እንደተሰበሰበ ይግባ። በ0.9 አካፍላችሁ ከሆነም በግልጽ ጻፉት። የምሳሌያችን ሴት ጨው ሳይካፈል 10.9 ግራም፣ ተካፍሎ 12.2 ነው፤ ሳይጻፍ ከቀረ የእናንተን ሪፖርት ከሌላው ጋር የሚያወዳድር ሰው የማካፈያውን ልዩነት የጎንደር ሰው ጨው መጨመር አድርጎ ያነበዋል።